አውቶቡሴ በገና ጠዋት ለምን ይሞላል?

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ቁጣው እኔንም ይጨምራል። ወደ እሱ በኋላ እመጣለሁ።

እኔ ሜሪላንድ ውስጥ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ቢጫውን። መንዳት ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። ያለፈው ገና ዕለት፣ ጃንዋሪ 7፣ እንደ ሁልጊዜው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሞተር አስነስቼ ወጣሁ። ጨለማ ነው። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። የመጀመሪያው ማቆሚያዬ ሐበሻ የሚበዛበት አፓርታማ ደጃፍ ላይ ነው። ስምንት ልጆች ቆመው ይጠብቁኛል። ስድስቱ የእኛ ናቸው።

በሩን ከፍቼ «እንኳን አደረሳችሁ!» አልኳቸው። ሦስቱ ዝም ብለውኝ አለፉ። አንዷ ሳቀች። አንድ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ትንሽ ልጅ ቆም አለና በእንግሊዝኛ «ምን ተገኘ?» አለኝ። «ዛሬ ገና ነው እኮ» አልኩት። ግራ ገባው። «ገና አልፏል። ዛፉንም አባዬ አውጥቶ ጥሎታል» አለኝና ሄዶ ተቀመጠ።

ያን ዕለት ከአውቶቡሴ አንድም ሐበሻ ልጅ አልቀረም። አንድም። አዲስ አበባ ያሉት በዚያ ሰዓት ዶሮውን በልተው፣ ቡና ላይ ናቸው። ቤቱ ቄጤማ ተጎዝጉዟል። የእኛዎቹ ደግሞ ቦርሳቸውን አዝለው፣ እያዛጉ፣ የሒሳብ ፈተና ሊቀመጡ ይሄዳሉ።

ማታ ስልኬን ስከፍት ግን ሌላ አገር ነው የገባሁት። «ለዒድ ይዘጋል፣ ለሕንዶቹ ዲዋሊ ይዘጋል፣ ለአይሁድ በዓል ይዘጋል፣ ለእኛ ገና ግን ማን ግድ ሰጠው!» የሚል ጽሑፍ በየግሩፑ ይዞራል። ከሥሩ ሰው ሁሉ ያለቅሳል። «ተንቀናል» ይላል አንዱ። «እኛ ዝም ስለምንል ነው» ይላል ሌላው። እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረኝ። ይህን የጻፋችሁ ሰዎች፣ ልጆቻችሁ ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ? እኔ አውቃለሁ የት እንደነበሩ። ከኋላዬ።

እስቲ ነገሩ እዚህ አገር እንዴት እንደሚሠራ እንነጋገር። ብዙዎቻችን የምንቆጣው ሳናውቀው ነው።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያው ማሻሻያ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1791 ጀምሮ መንግሥት ሃይማኖት እንዳያቋቁም ይከለክላል። የሕዝብ ትምህርት ቤት የመንግሥት ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤቶቹ የበላይ የሆነው የትምህርት ቦርድ ተነሥቶ «ይህ ቀን ቅዱስ ነውና በሩን እዘጋለሁ» ሊል አይችልም። ሌላ ምክንያት፣ ዓለማዊ ምክንያት ያስፈልገዋል። ያም ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። በዚያ ቀን ተማሪው ይቀራል፣ መምህሩም ይቀራል፣ ተተኪ መምህር አይገኝም፣ ክፍት መዋሉ ትርጉም የለውም። በቃ። ቦርዱ የሚያየው ስንቱ ወንበር ባዶ እንደዋለ ነው።

«ታዲያ የእነሱ ገና፣ ዲሴምበር 25ስ?» ትሉኛላችሁ። እሱ ከ1870 ጀምሮ የፌዴራል በዓል ነው፤ አገሩ ሁሉ ይዘጋል። «ስቅለታቸውስ?» ካላችሁ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ትምህርት ቤት ከስቅለታቸው ዓርብ እስከ ፋሲካ ማግስት ሰኞ እንዲዘጋ የስቴቱ ሕግ ያዛል። ይህን የሞገተች ጡረታ የወጣች መምህርት ነበረች። ክሱ እስከ ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሄዶ በ1999 ተሸነፈች። እዚያም የተነሣው ነገር ያው ነው፤ ቢከፈትም ብዙ ሰው ይቀራል የሚለው።

አሁን እዚሁ ሜሪላንድ ያለውን የሞንትጎመሪ ካውንቲን ታሪክ ልንገራችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁበት፣ ግማሻችን የምንኖርበት። ብዙዎቻችን በጎን አልፎን ሄዷል።

ሞንትጎመሪ ለሁለቱ ትልልቅ የአይሁድ በዓላት መዝጋት የጀመረው በ1970ዎቹ ነው። ሙስሊሞቹ «እኛስ?» ማለት ጀመሩ። ዓመታት ፈጀባቸው። መልሱ ሁልጊዜ «የቀሪው ቁጥር አይበቃም» ነበር። ታዲያ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ስልክ ላይ አላለቀሱም። በ2013 ለአረፋ «ልጆቻችሁን ቤት አስቀሩ፤ የምትደግፉንም ጎረቤቶች አስቀሩ» ብለው ጥሪ አደረጉ። አረፋው ማክሰኞ ነበር የዋለው። ያኔ ገና አዲስ ሹፌር ነበርኩ። በእኔ አውቶቡስ የፓኪስታኖቹ፣ የሶማሌዎቹ፣ የእኛም ሙስሊሞች ልጆች ወንበር ባዶ ሆኖ ትዝ ይለኛል። «ምን ሆኑ ዛሬ?» ብዬ ነበር። አላወቅኩም። አፍሬ ነው የምነግራችሁ።

ከዚያ የመጣው ነገር ይገርማል። በ2015 አረፋና የአይሁዶቹ ዮም ኪፑር አንድ ላይ ሊውሉ ሆነ። ትምህርት ቤቱ እንደሆነ በዚያ ቀን ዝግ ነው። ሙስሊሞቹ የጠየቁት ትንሽ ነገር ነበር። ካላንደሩ ላይ ከዮም ኪፑር ጎን የዒዳችንም ስም ይጻፍ፣ ሌላ ቀን አልጠየቅንም አሉ። ቦርዱ በኖቬምበር 2014 ተሰብስቦ 7 ለ1 ድምፅ ሰጠ። የዒድን ስም ሊጨምር? አይደለም። የሁሉንም ስም ሊሰርዝ! የአይሁዱም፣ የክርስቲያኑም ስም ከካላንደሩ ጠፋ። ቀኖቹ ግን እንደ ድሮው ዝግ ሆነው ቀሩ። ስም ለመኑ፣ የጎረቤታቸውም ስም ተፋቀ።

እኛ ብንሆን እዚያ ላይ «አላልኳችሁም? ፈረንጅ እኮ!» ብለን ወደ ቤታችን ነበር። እነሱ ግን ተመልሰው ሄዱ። በማግስቱ ዓመት ቦርዱ ለሴፕቴምበር 2016 አረፋ ተማሪ የማይገባበት ቀን መደበ። በዚያው በ2015 ኒውዮርክ ከተማ ሁለቱንም ዒዶች በትምህርት ቤት ካላንደሯ አስገባች። ይህ ሁሉ የሆነው ሰዎች ወንበራቸውን ባዶ ስላደረጉና ስብሰባ ስለተቀመጡ ነው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ያለው የእኛ ሰው ነው፤ የሠሩበት ግን ሌሎቹ ናቸው።

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልግባ።

«ለእስላም ሰጥተው ለእኛ ከለከሉን» የሚል ቃል ከወገኖቼ አፍ ሰምቻለሁ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ ጸበል ጻዲቅ እየበላን። ሰውየው ክፉ ሰው አይደለም። ለማንም የሚደርስ፣ ለቅሶ የማይቀር ሰው ነው። ግን ይህን ሲል ማንም አልተቆጣውም። እኔም አልተቆጣሁትም። አሁን ልቆጣው።

ወንድሜ፣ አንተ የመጣህበትን አገር ረሳኸው? በጃንሆይ ዘመን፣ በእኛ አቆጣጠር የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ ደንግጎ ነበር። ገናው፣ ጥምቀቱ፣ ፋሲካው የአገር በዓል ነበር። ዒድ ግን የአገር በዓል አልነበረም። መሥሪያ ቤቱ ክፍት፣ ትምህርት ቤቱ ክፍት። በአገሩ፣ በአያት ቅድመ አያቱ መሬት ላይ የሚኖር ሕዝብ በዓሉን ተደብቆ እንደሚበላ ሰው ነበር የሚያሳልፈው።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች በሰላማዊ ሰልፍ ወጡ። መንገዱ እስኪሞላ። ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጥተው ነበር። ይህን ልብ በል። ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ በዓሎቻችን እንደ አገር በዓል ይከበሩ የሚል ነው። ዒድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ የሕዝብ በዓል ሆነው የታወጁት በ1967 ነው፤ ደርግ ከመጣ በኋላ። እንግዲህ ቁጠረው። እስልምና ኢትዮጵያ ከገባ ስንት መቶ ዓመት ነው? ቀን የተሰጠው መቼ ነው?

አባቴ የተማረው ደሴ ነው። አንድ የሚወደው የክፍል ጓደኛ ነበረው፤ ሙስሊም። አንድ ዓመት ዒድ በፈተና ቀን ዋለ። ልጁ በአዲስ ጀለቢያ ከሶላት እየሮጠ መጣ። ላብ በላብ ሆኖ ፈተናውን ተቀመጠ። እናቱ ያሰናዳችለትን ማታ ቀዝቅዞ በላው። አባቴ ይህን ሲያወራ ጀለቢያውን ከፍ አድርጎ እንዴት እንደሮጠ በእጁ እያሳየ ይስቅ ነበር። እኔም ስቄያለሁ። ልጆች ነበርን፣ ያስቃል። አሁን ጃንዋሪ 7 ጠዋት መሪ ይዤ፣ ስድስት የእኛ ልጆች ከኋላዬ ተቀምጠው ሳያቸው፣ ያ ልጅ ትዝ ይለኛል። ዛሬ በእሱ ቦታ የቆሙት የእኔና የአንተ ልጆች ናቸው። ልዩነቱ፣ እሱ ቢያንስ በዓል መሆኑን ያውቅ ነበር። እየሮጠ የመጣው ከሶላት ነው።

ስለዚህ የሌላውን በዓል መቁጠር ተዉ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኛ ነው። የዲዋሊውን፣ የዒዱን ቀን ልጅህ ቤት ተኝቶ አርፎበታል። ያንን ያገኘህው በሌላ ሰው ድካም ነው። አንድ ቀን እንኳ «እናመሰግናለን» ብለህ ታውቃለህ?

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ሙስሊም ወገኖቼም ከዚህ ቁጣ አታመልጡም። ዒዱ በካላንደር ከገባላችሁ በኋላ ስንቶቻችሁ ናችሁ በዚያ ቀን ልጆቹን ለሶላት የምታስነሱት? ስንቶቻችሁስ ኦቨርታይም ተገኘ ብላችሁ ሥራ ትገባላችሁ? ጎረቤቴ ራሱ ነው የነገረኝ። «ልጆቹ እስከ እኩለ ቀን ተኝተው፣ ከሰዓት ጌም ሲጫወቱ ዋሉ» አለኝ። ቀን ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ማክበር ሌላ።

እንግዲህ ጥያቄው ይመጣል። «አንተ ምን ትላለህ? ገና ይዘጋ ወይስ አይዘጋ?»

እኔ ይዘጋ አልልም። ባለቤቴ በዚህ አትስማማም። እሷ «ጥምቀትም ጭምር ይዘጋ» ባይ ናት፤ እራት ላይ ስንከራከር ሽሮው ይቀዘቅዛል። የእኔ ምክንያት ግን ከአውቶቡስ ላይ የሚታይ ምክንያት ነው። የሜሪላንድ ትምህርት ቤት በዓመት 180 ቀን ማስተማር አለበት። እዚህ አንድ ቀን ስትጨምር እዚያ ጁን ላይ አንድ ቀን ይረዝማል። ያ ቀላሉ ነው። ከባዱ ሌላ ነው። ትምህርት ቤት የተዘጋ ቀን የሰዓት ሠራተኛ ቤት ውስጥ ምን ይሆናል? እኛ እኮ ነን የሰዓት ሠራተኞቹ። ፓርኪንግ፣ ሆቴል፣ ነርሲንግ ሆም፣ ኡበር፣ ኤርፖርት። ልጅ የሚይዝ ሰው ከሌለ ወይ የቀን ደሞዝ ይቀራል፣ ወይ የአሥር ዓመቷ ልጅ የአራት ዓመቱን ትጠብቃለች። በነጻ ቁርስና ምሳ የሚበሉ ልጆችም አሉ፤ ትምህርት ቤት በዘጋ ቁጥር እናት ታስባለች። ቢሮ የሚውል ሰው ከቤት ሆኖ ይሠራል። የሆቴል አልጋ ከቤት አይነጠፍም።

ለእኛ ብለን የሌላውን ድሃ ቤት መዝጋት ይከብደኛል። ያውም በቁጥር ጥቂት ሆነን።

የሚያስፈልገን ከዚያ ያነሰ ነው፤ አብዛኛውም በእጃችን ነው። ጠይቀነው አናውቅም እንጂ። በሜሪላንድ ደንብ ለሃይማኖት በዓል መቅረት የተፈቀደ ቀሪነት ነው፤ ከሕመም ጋር እኩል ተዘርዝሯል። የቨርጂኒያ ሕግ ደግሞ የበለጠ ይሄዳል። ለበዓል የቀረ ተማሪ ያመለጠውን ፈተና በሌላ ጊዜ የመውሰድ መብት አለው፤ በመቅረቱ ምክንያት ሽልማት ሊከለከልም አይችልም። ፌርፋክስ ካውንቲ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የበዓላት ዝርዝር አወጣ። በእነዚያ ቀኖች ትምህርት ቤቱ አይዘጋም፤ ግን ፈተና አይሰጥም፣ አዲስ ትምህርት አይጀመርም፣ የቀረ ልጅ አይጎዳም። በዝርዝሩ ላይ የኦርቶዶክስ ገና አለ። የኦርቶዶክስ ስቅለት አለ። አሌክሳንድሪያና ፎልስ ቸርች አካባቢ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ፌርፋክስ የምትማሩ፣ ይህን ታውቁ ነበር? ስንቶቻችሁ ተጠቀማችሁበት?

ለእኔ ትክክለኛው ካላንደር ይህ ነው። ማንንም ቤቱን ሳይዘጋ ልጁን ነጻ የሚያወጣ። ግን ዝርዝሩ ላይ ያለ ስም ልጁን አልጋው ላይ አያስቀረውም። ያንን የምታደርገው አንተ ነህ። ሁለት መስመር ኢሜይል ነው። «ልጄ ጃንዋሪ 7 የኦርቶዶክስ ገናን ስለሚያከብር አይመጣም።» ትምህርት ቤቱ ለምን ብሎ አይጠይቅህም። ቄሱን አምጣ አይልህም። መላክ ብቻ ነው። ፓርቲ ለመጥራት ሃምሳ ሰው በአንድ ቀን ቴክስት የምናደርግ ሰዎች፣ ይህቺ ከበደችን።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፣ ቃል ገብቻለሁና።

ልጄ አምስተኛ ክፍል ስትጨርስ የምስክር ወረቀት አመጣች። ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀን ሳትቀር የተማረች ይላል። ደስታዬን አልነግራችሁም። ፍሬም ገዝቼ ሳሎን ሰቀልኩት። እንግዳ በመጣ ቁጥር አሳያለሁ። አንድ ቀን የንስሐ አባታችን ቤት ጠበል ሊረጩልን መጡ። ግድግዳውን አዩና «ምንድን ነው የሚለው?» አሉኝ። ደረቴን ነፍቼ ተረጎምኩላቸው። ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ቀስ ብለው «እንግዲህ ስቅለትም አልቀረችም ማለት ነው» አሉ።

ሌላ ምንም አላሉም። ጠበላቸውን ረጭተው፣ ቡናቸውን ጠጥተው ሄዱ። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስቅለት ብቻ አይደለም። ገናም አልቀረችም። ሳምንቱ መሃል ከዋለ ጥምቀትም አልቀረችም። አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ እኔና እሷ በሥራ ቀን ነጠላ ለብሰን አብረን አልወጣንም። ሁሉንም በዓል ወደ ቅዳሜና እሑድ ገፍተነዋል፤ እንደ ልብስ አጠባ። ያ ወረቀት ሽልማቷ መስሎኝ ነበር። የእኔ የክስ ወረቀት ነው። አሁንም እዚያው ተሰቅሏል። ባወርደው ትጠይቀኛለች፤ ምን ብዬ እነግራታለሁ?

አገልጋዮቻችንም ትንሽ ትሰማላችሁ። ጥምቀትን ለሕዝቡ ይመች ብላችሁ ወደ ቅዳሜ መውሰዳችሁ ይገባኛል። አዳራሽ ኪራይ አለ፣ መናፈሻ ፈቃድ አለ፣ ሰው ሥራ ላይ ነው። ግን ልጆቹ በዓል ማለት በቀን ሳይሆን በምቾት የሚወሰን ነገር አድርገው እየተማሩ ነው። ከዚያ ልጁ አድጎ «ቀኑ መቼ ነው?» ብትሉት አያውቅም። በ2026 ጥምቀት ከማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ጋር ሰኞ ላይ ገጠመ። ትምህርት ቤት ዝግ፣ ብዙ መሥሪያ ቤት ዝግ። ጥር 11 በራሱ ቀን፣ ከነታቦቱ፣ ልጆቹ በነጭ ሊያከብሩት የሚችሉበት ዕድል ነበር። ስንት ቦታ እንዲህ ተከበረ?

በ2025ም ሌላ ዕድል ነበረን። በዚያ ሳምንት ትልቅ በረዶ ወርዶ የአካባቢያችን ትምህርት ቤቶች ጃንዋሪ 7 ተዘግተው ዋሉ። እግዜር ራሱ ዘጋልን ብዬ ስቄ ነበር። አውቶቡሱ ቆመ፣ እኔ ቤት ቀረሁ። ምን አደረግን መሰላችሁ? ልጆቹ በረዶ ላይ ተንሸራተቱ፣ እኔ የመኪናውን በረዶ ዛቅኩ፣ ባለቤቴ ፍሪጅ ውስጥ የነበረ ፓስታ አሞቀች። «ዶሮው ቅዳሜ ይሠራል፤ እንግዶቹ የተጠሩት ለቅዳሜ ነው» አለች። እውነቷን ነው፤ የተጠሩት ለቅዳሜ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ቦርዱ አንድ ሁለት ነገር። የትምህርት ካላንደር የሚጸድቀው ብዙ ወር አስቀድሞ ነው። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው። ተመዝግበህ ሁለት ሦስት ደቂቃ መናገር ትችላለህ። ዜጋ መሆን አይጠበቅብህም፤ ልጅህ እዚያ መማሩ ይበቃል። አንድ ጊዜ ሄጄ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። የሕንድ እናቶች መጥተዋል፣ የኮሪያ አባቶች መጥተዋል፤ አንዲት ሴትዮ ልጇን አቅፋ ነው የተናገረችው። ከእኛ ወገን እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔም አፌን አልከፈትኩም። እንግሊዝኛዬ ያሳፍረኛል ብዬ። ኮሪያዊው የእኔን ያህል እንኳ አይችልም ነበር፤ ግን ከወረቀት እያነበበ ጨረሰ፤ ቦርዱም አመሰገነው።

ሞንትጎመሪ ደግሞ ለወላጆች የሚልከውን ማስታወቂያ በአማርኛ ያወጣል። በአማርኛ! ከስንት ቋንቋ መሃል የእኛን መርጠው ያስተረጉማሉ። እኛ ሳንከፍተው እናጠፋዋለን። በዚያው ቦርድ ላይ ድምፅ የሚሰጥ የተማሪ ተወካይም አለ፤ የመካከለኛና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው የሚመርጡት። ልጅህ ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ መራጭ ነው ማለት ነው። አንተ ለአገር ቤት ፖለቲካ ሌሊቱን ሙሉ ስትጨቃጨቅ፣ እሱ ማንን እንደመረጠ ጠይቀኸው ታውቃለህ?

አንዳንዶቻችሁ «ይሄ ሁሉ ለአንድ ቀን?» ትሉ ይሆናል። አዎ፣ ለአንድ ቀን። ዓመቱን በሙሉ አስቀሩ ያለ የለም። በየወሩ ሚካኤልና ገብርኤል አስቀሩ አላልኩም፤ ያንን ብታደርጉማ መምህራኑ ቤታችሁ ድረስ ይመጣሉ፣ ደግሞም ትምህርቱ ይበልጣል። ገናን አስቀሩ። ስቅለት ከእነሱ ጋር ካልገጠመ ስቅለትን አስቀሩ። በ2025 ገጥሞ ነበር፤ በ2026 ደግሞ በሳምንት ተለያየ፣ እኛ ስንሰግድ ልጆቹ ክፍል ውስጥ ነበሩ። ሙስሊሙም አካባቢው ዒድን ካልዘጋ ያስቀር። ትምህርት ቤቱ የቀሪውን ምክንያት ይመዝግብ። «በሽታ» ብላችሁ ግን አትዋሹ። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። ሰው ልጁን ለበዓል ያስቀርና ትምህርት ቤቱን «አሞት ነው» ይላል። ለምን? ማን ከለከለህ? ያልከው ውሸት ቁጥሩን ከእኛ ላይ ወስዶ ለጉንፋን ይሰጠዋል።

መጪው ገና፣ የ2019 ገና ማለት ነው፣ በፈረንጅ ጃንዋሪ 7 ቀን 2027 ሐሙስ ይውላል። ተራ የሥራ ቀን ነው። ለልጄ ትምህርት ቤት ኢሜይሉን ዛሬውኑ ጽፌ ላክኩ። ጸሐፊዋ ገና ብዙ ወር እንደሚቀረው ጠቅሳ በፈገግታ ምልክት መለሰችልኝ። ለባለቤቴም ዶሮው ለሐሙስ መሆኑን ነገርኳት። «እንግዳ በሥራ ቀን ማን ይመጣልሃል?» አለችኝ። «እኔና አንቺ፣ ልጆቹም» አልኳት።

በዚያ ጠዋት አውቶቡሱ እዚያው አፓርታማ ደጃፍ ይቆማል። የሐበሻ ልጅ ይኑር አይኑር እኔ አላይም። ፈቃድ ሞልቻለሁ። በዚያ ቀን ሌላ ሹፌር ነው የሚነዳው።